የምሳ ሰዓት የማን ነው?

በንግድ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ጉዳይ ሁሉ በጽሑፍ ይያዛል። ዕቃ ሲገባ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሲወጣ የወጪ ደረሰኝ ይጻፋል፤ ገንዘብ ሲከፈል ተቀባዩ ይፈርማል፤ በባንክ በኩል በሚከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ላይም አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ሰነዱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ነጋዴ የጽሑፍን ዋጋ ከማንም ይበልጥ ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውጭ ሆኖ በልማድና በይሁንታ ብቻ የሚኖር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሠራተኛው የምሳና የዕረፍት ሰዓት ነው።

እኔ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመታት አልፈውኛል። በዚህም ሥራዬ ምክንያት ከልዩ ልዩ ንግድ ቤቶች ለናሙና የሚመጡ የቅጥር ደብዳቤዎችንና የሥራ ውሎችን ለመመልከት ዕድል አግኝቻለሁ። በአብዛኞቹ ላይ የማነበው «የሠራተኛው የሥራ ሰዓት በድርጅቱ ፕሮግራም መሠረት ይሆናል» የሚል ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር አጭርና ለመጻፍ የምትመች ናት። ነገር ግን ሠራተኛው በስንት ሰዓት እንደሚበላ፥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያርፍ፥ በሚያርፍበትም ጊዜ ቢጠራ መምጣት ይገባው እንደሆነ አንዳች አትናገርም።

«ሰው ምሳውን መቼ እንደሚበላ ለመጻፍ ወረቀት ማበላሸት ምን ያስፈልጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥ ጥሉ ስለ እንጀራው ቢሆን ኖሮ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ጥሉ የሚነሣው ግን ስለ ጊዜው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ካለው ቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት የአሠሪው፥ የትኛውስ የሠራተኛው ነው? ይህ ሳይለይ ሲቀር ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስላቸዋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በአገራችን የአሠሪንና የሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከተው ሕግ ከ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ጀምሮ በየዘመኑ እየተለወጠና እየተሻሻለ መጥቶ፥ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህም አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በሳምንት ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። የዕለቱን የምሳ ዕረፍት ርዝመት ግን በደቂቃ ቆጥሮ ለሱቁም ለፋብሪካውም አንድ አድርጎ አልደነገገም። ይልቁንም የሥራ ሰዓት አደላደልና በመካከሉ የሚሰጠው ዕረፍት በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉት ጉዳዮች አንዱ እንዲሆን አድርጎ ለባለጉዳዮቹ ትቶላቸዋል።

ሕግ አውጭው ይህን መተዉ ቸልታ አይመስለኝም። የአስመጪው መጋዘን፥ የላኪው የቡና ማበጠሪያና የመርካቶ ጨርቅ መሸጫ በአንድ ደወል ሊበሉ አይችሉም። በድሬዳዋ ያለ ባለሱቅ በቀትሩ ሙቀት ዘግቶ አመሻሹ ላይ መክፈቱ የቆየ ልማድ ሲሆን፥ የአዲስ አበባው ባለሱቅ ግን በዚያው ሰዓት ገበያው የደራ ነው። ስለዚህ ሕጉ ነፃነት ሰጥቶናል። ነገር ግን የተሰጠን ነፃነት ራሳችን ተስማምተን እንድንጽፈው እንጂ ሳንጽፈው እንድንቀር አይደለም።

በሌሎች አገሮች ይህ ነገር እንዴት እንደተያዘ መመልከት ይጠቅማል። ብዙ ነጋዴዎቻችን ዕቃ በሚያመጡበት በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ሕግ፥ ሠራተኛ ከአምስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት በተከታታይ እንዳይሠራና ዕረፍቱም በድምሩ ከአንድ ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቡናችንን በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ በሆነችው በጀርመን ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ፥ ከ9 ሰዓት በላይ የሚሠራም ቢያንስ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ታዟል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አሠሪው የምሳ ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ከሰጠ ግን ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚደርሰው አጭር ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ይቈጠራል፤ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነው የምግብ ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሆነውም ሠራተኛው ከሥራው ፈጽሞ ሲለቀቅ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው አሳብ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ንግድ ቤቶችና ስለ ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ሰዓት ባወጣው ስምምነት ቁጥር 30 ላይ፥ የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እንደሆነና ከዚህ ትእዛዝ ነፃ የሚሆንበት ዕረፍት ግን እንደማይጨመርበት ተጽፏል። የእኛም አዋጅ ቢሆን መደበኛውን የሥራ ሰዓት ሲተረጕም ሠራተኛው እጁን አንቀሳቅሶ የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። እንግዲህ መለኪያው ሠራተኛው መብላቱና አለመብላቱ አይደለም፤ ነፃ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

በዚህ መለኪያ የራሳችንን ቤት እንመርምር። ሻጩ ምሳ ዕቃውን ከባንኮኒው ሥር ከፍቶ አንድ ጊዜ ሲጐርስ፥ ሁለት ጊዜ ለደንበኛ ሲነሣ፥ ይህ ዕረፍት ነውን? ገንዘብ ተቀባይዋ የሣጥኑ ቍልፍ በእጅዋ ስላለ ከወንበሯ መነሣት ካልቻለች፥ ይህ ዕረፍት ነውን? ዘበኛው በሩን እየጠበቀ እዚያው ቢበላ፥ ሹፌሩ በጉምሩክ ቅጥር ግቢ ተራው እስኪደርስ ከመኪናው ሳይለይ ቢቀመጥ፥ የመጋዘኑ ኃላፊ ምግብ ቤት ገብቶ ሳለ በሞባይል ስልኩ ሦስት ጊዜ ቢጠራ፥ ይህን ሁሉ ዕረፍት ብለን ከሥራ ሰዓት ልንቀንሰው ይገባናልን? እኔ በበኩሌ አይገባም እላለሁ።

ነገሩ ጥቃቅን የሚመስለው ሒሳቡን ስለማንሠራው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከተፈቀደለት አንድ ሰዓት ላይ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢወሰድበት በሳምንት 3 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱን ፈቃዱንና በዓላቱን አውጥተን በ50 ሳምንት ብንቈጥረው 150 ሰዓት ይደርሳል። ይህን በቀን 8 ሰዓት ብናካፍለው 18 የሥራ ቀንና 6 ሰዓት ነው። አሠሪው ለመጀመሪያው ዓመት ሠራተኛ የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 ቀን መሆኑን አስቡ። በቀኝ እጅ የተሰጠው ፈቃድ በግራ እጅ ከነትርፉ ተመልሶ ተወሰደ ማለት ነው።

ይህ ለሠራተኛው ብቻ የሚያሳዝን ነገር ሆኖ አይቀርም፤ ለአሠሪውም ዕዳ ነው። ሠራተኛው በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ያች 3 ሰዓት ስትጨመር 51 ይሆናል። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሕጉ ከተዘረዘሩት እንደ አደጋና እንደ አስቸኳይ ሥራ ካሉት ምክንያቶች በቀር የሚፈቀድ አይደለም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራውም በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። እንግዲህ 150 ሰዓት የ225 ሰዓት ደመወዝ ይሆናል ማለት ነው። አሥር ሠራተኛ ላለው ቤት 2,250 ሰዓት ነው። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ዕዳ ከሁሉ የከፋ ዕዳ መሆኑን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በቅርብ የማውቀውን አንድ ጉዳይ ላንሣ፤ የቤቱን ስም መጥራት ግን አስፈላጊ አይደለም። አንድ የመጋዘን ኃላፊ ምሳውን ሊበላ በወጣበት ሰዓት ከወደብ የመጣ የጭነት መኪና ደረሰ። ሰውየው ተጠርቶ እንዲመጣ ቢላክበት «ይህ የምሳ ሰዓቴ ነው» ብሎ ጨርሶ መጣ። ባለቤቱም «ሥራህን ጥለህ ጠፋህ» ብለው አገዱት። ውሉ ሲከፈት ስለ ምሳ የሚናገር አንድም ቃል አልተገኘበትም። ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ሳምንታት ከተጓተተ በኋላ በዕርቅ አለቀ። በዚያ መካከል ግን መጋዘኑን የያዘው ተተኪ ዕቃውን አሳስቶ በመቍጠሩ ከደንበኞች ጋር ሌላ ክርክር ተነሣ። ባለቤቱም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ኃላፊውም ሰነፍ አልነበረም። የጐደለው በውሉ ላይ አንድ መሥመር ጽሑፍ ነበር።

አሁን ከነጋዴዎች በኩል የሚሰማውን መቃወሚያ በቅን ልቡና እንመልከት።

የመጀመሪያው «በምሳ ሰዓት ብንዘጋ ገበያው ያመልጠናል» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለምሳ ሲወጣ፥ ዐርብም ለጸሎት ሲባል ዕረፍቱ ከ5 ሰዓት ተኩል ሲጀምር፥ ሱቅ የሚገባው በዚያው ጊዜ ነው። ነገር ግን ሱቁ ክፍት መሆኑና ሠራተኛው ምሳ መከልከሉ አንድ ነገር አይደሉም። ሠራተኞችን በሁለት ተራ ከፍሎ የመጀመሪያዎቹን ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል፥ ሁለተኞቹን ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ማሰናበት ይቻላል። ገበያው በሚደራበት ሰዓት ሁሉም በቦታቸው ይገኛሉ፤ የበሉትም ያልበሉትም ሰዓታቸውን ስለሚያውቁ በየበሩ መተያየት ይቀራል።

ሁለተኛው የትንሹ ባለሱቅ መቃወሚያ ነው፤ «ያለኝ ሠራተኛ አንድ ነው፤ ተራ ከማን ጋር ላድርግ?» ይላል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ባለሱቁ ራሱ ለዚያች አንድ ሰዓት ባንኮኒውን ይይዛል፤ ወይም ሠራተኛው በሱቁ ውስጥ እየጠበቀ እንዲበላ ከተስማሙ ያችን ሰዓት በሥራ ሰዓትነት ቈጥሮ ማታ ቀደም ብሎ ያሰናብተዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት የሆነ ሱቅ 11 ሰዓት ይሠራል። ከዚህ ላይ ለምሳ አንድ ሰዓት ብንቀንስ እንኳ 10 ሰዓት ስለሚቀር፥ እንዲህ ያለው ሱቅ በአንድ ሠራተኛ ብቻ ሊያዝ የማይችል መሆኑን ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ሦስተኛው «መኪና በምሳ ሰዓት ቢደርስስ? ባንኩ ሰነድ ቢፈልግስ?» የሚለው ነው። ድንገተኛ ነገር በንግድ ላይ የማይቀር ስለሆነ ስምምነቱ ይህንንም አስቀድሞ ማየት አለበት። ሠራተኛው ለአስቸኳይ ጉዳይ ከምሳው ሲጠራ ይምጣ፤ የተቋረጠበትም ጊዜ በዚያው ቀን በሌላ ሰዓት ይተካለት፤ መተካት ካልተቻለ በሥራ ሰዓትነት ይመዝገብለት። አስቸኳይ የሚባለውም ምን እንደሆነ በሁለት በሦስት መሥመር ይገለጽ። አለበለዚያ ሁሉ ነገር አስቸኳይ ይሆናል።

አራተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የከበደ ይመስለኛል። «እኛ ከሠራተኞቻችን ጋር እንደ ቤተ ሰብ የምንኖር ነን፤ የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል እንዲሉ፥ ይህን ሁሉ መጻፍ አለመተማመንን ያመጣል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ደጋጎቹ አሠሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ በአክብሮት እመልሳለሁ። እነዚሁ ነጋዴዎች ከወንድማቸው ጋር ማኅበር ሲገቡ ድርሻቸውን በጽሑፍ ያደርጋሉ፤ በወንድማቸው ስላልታመኑ አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏልና ነው። ደግ አሠሪ ሁልጊዜ ሱቁ ውስጥ አይገኝም፤ ለዕቃ ግዢ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የሚተካው ሥራ አስኪያጅ የእርሱን ያህል ደግ መሆኑን ማን ያውቃል? የተጻፈ ስምምነት የባለቤቱን ደግነት እርሱ በሌለበትም ያስጠብቃል።

ከዚህም ቀጥሎ በየሙያው ልዩ አስተያየት የሚያስፈልጋቸው አሉ። በላኪዎች መጋዘን እንከኑን ቡና ከደኅናው የሚለዩ ለቃሚ ሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው በሠሩት መጠን ነው። እነርሱን ማንም ምሳ አትብሉ አይላቸውም፤ ነገር ግን ያረፉባት ደቂቃ ሁሉ ከገቢያቸው ስለምትቀነስ ራሳቸው ዕረፍታቸውን ይሸጣሉ። ዐይናቸው ሲደክም ጥቍሩ ፍሬ ከነጩ ጋር ያልፋል፤ ጉዳቱም በናሙና ምርመራ ጊዜ በላኪው ላይ ይመጣል። ስለዚህ በሠሩት መጠን ለሚከፈላቸው ሰዎች አጭር የተወሰነ ዕረፍት ሰጥቶ ለዚያች ጊዜ ጥቂት ማካካሻ ማሰብ ለላኪው ኪሳራ አይሆንም። የዕቃ ቈጣሪና የሒሳብ ሠራተኛም እንደዚሁ ነው፤ በደከመ ራስ የተጻፈ አኀዝ በማግሥቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ያስወጣል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

የጾምም ነገር አለ። በዐቢይ ጾም፥ በረቡዕና በዐርብም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ የኦርቶዶክስ ምእመን በ6 ሰዓት ተኩል የሚሰጠው የምሳ ጊዜ ብዙም አይጠቅመውም። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ደግሞ ቀትር ላይ ከማረፍ ይልቅ ለማፍጠሪያው ወደ ቤቱ ቀደም ብሎ መድረስን ይመርጣል። ስምምነቱ በጾም ወራት ዕረፍቱ በከፊል ወደ ኋላ እንዲዛወር ወይም ወደ መውጫ ሰዓት እንዲጠጋ ቢፈቅድ ከአሠሪው አንድ ደቂቃ ሳይወስድ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ይሆንለታል። እንዲህ ያለውን በየዓመቱ እንደ ልመና ከመጠየቅ አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስለ ሠራተኛውም ግዴታ ሳልናገር ባልፍ ሚዛኑን ያልጠበቅሁ እሆናለሁ። አንድ ሰዓት የተሰጠው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል አርፎ ቢመጣ፥ የቡናው ሥርዓት እስከ ሦስተኛው ስኒ ሲጓተት ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅ፥ ይህም የሌላውን ሰው ጊዜ መውሰድ ነው፤ ተራውን የሚጠብቀው የሥራ ባልደረባው ከአሠሪው በፊት ይጐዳል። ሰዓቱ ሲጻፍ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ስለዚህም ነው አሠሪው ጽሑፉን ሊፈራው የማይገባው። ዛሬ የሚዘገየውን ሠራተኛ ለመገሠጽ የሚያስችል መሠረት የሌለው ሰዓቱ ስላልተጻፈ ነው።

እንግዲህ ለውል፥ ለሥራ ደንብ ወይም ለኅብረት ስምምነት የሚስማማ ሆኖ የታየኝን ቃል እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ እያንዳንዱ ቤት እንደ ሥራው ጠባይ ሊያሻሽለው ይችላል።

1. ሠራተኛው ከአምስት ሰዓት በላይ በተከታታይ አይሠራም። በሥራው ቀን መካከል የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ይኖረዋል፤ ተራውና ሰዓቱም በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በግልጽ ቦታ ይለጠፋል።

2. በምሳ ዕረፍቱ ጊዜ ሠራተኛው ከሥራው ፈጽሞ የተለቀቀ ነው፤ ከሥራው ቦታ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዕረፍቱ በሥራ ሰዓት ውስጥ አይቈጠርም።

3. በሥራው ጠባይ ምክንያት ከቦታው ሳይለይ የሚበላ ዘበኛ፥ ሹፌር፥ ገንዘብ ተቀባይ ወይም ሌላ ሠራተኛ፥ ያ ጊዜ በሥራ ሰዓትነት ይቈጠርለታል።

4. ጠዋት አንድ ጊዜ፥ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ለሻይና ለቡና የሚሰጠው የ15 ደቂቃ ዕረፍት ከሥራ ሰዓት አይቀነስም።

5. ለአስቸኳይ ጉዳይ የተቋረጠ ዕረፍት በዚያው ቀን ይተካል፤ ካልተተካ ይመዘገባል፤ ሕጉ በሚያዘውም መሠረት ይከፈላል።

6. በጾም ወራት ዕረፍቱ ሊዛወር የሚችልበት ሰዓት በአሠሪውና በሠራተኞቹ ስምምነት ይወሰናል።

አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበትና ማኅበር የተቋቋመበት ድርጅት ይህን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ሊያገባው ይችላል። ማኅበር የሌለበት ትንሽ ቤትም ቢሆን መንገድ አያጣም። የሥራ ውል በጽሑፍ ባልተደረገ ጊዜ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ስለሚያዝ፥ በዚያው ወረቀት ላይ ሁለት መሥመር መጨመር ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ለመመገቢያ የሚሆን አንዲት ንጹሕ ክፍል፥ እጅ መታጠቢያ ውኃና ምሳ ዕቃ ማሞቂያ ምድጃ ቢገኝ የስምምነቱ ቃል በሥራ ይገለጣል። ከማዳበሪያ ጆንያና ከቀለም ጣሳ መካከል ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሰዓቱ ቢሰጠውም ዕረፍቱን አላገኘም።

የንግድ ምክር ቤታችንም በዚህ ረገድ ሊረዳን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለሽያጭ ውልና ለኪራይ ውል ናሙና እንደምንፈልግ ሁሉ፥ ለሥራ ሰዓትና ለዕረፍትም በየንግዱ ዐይነት የተለየ ናሙና በሕግ ዐዋቂዎች ተዘጋጅቶ ለአባሎች ቢታደል ብዙ ክርክር ገና ሳይወለድ ይቀራል። እስከዚያው ድረስ ግን ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፥ የመሳቢያችሁን የቅጥር ደብዳቤ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። የምሳው ሰዓት የማን እንደሆነ የማይናገር ከሆነ በዚህ ሳምንት ይናገር። ወረቀቱም ቀለሙም በእጃችሁ ነው፤ ጸሐፊዎቻችሁም ለመጻፍ ዝግጁ ነን።

አንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ